የተመዘነውና ያልተመዘነው ዩራኒየም

ማርች 24 ቀን 1993 ፕሬዝዳንት ፍሬድሪክ ዊሌም ደ ክለርክ ኬፕታውን በሚገኘው ምክር ቤት ቆመው፣ አገራቸው ስድስት የአቶሚክ ቦምቦች ሠርታ እንደነበረና ሁሉንም በገዛ እጇ እንዳፈረሰቻቸው ተናገሩ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰባተኛው ተጀምሮ ያላለቀ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ የኑክሌር መሣሪያ አለማስፋፋት ስምምነትን ተቀብላ ስለነበር፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መርማሪዎች ፔሊንዳባ ገብተው የማበልጸጊያ ፋብሪካውን የቆዩ የሥራ መዝገቦች አገላብጠዋል። ምን ያህል ዩራኒየም ገባ፣ ምን ያህሉ በልጽጎ ወጣ፣ ምን ያህሉ በጥራጊ ውስጥ ቀረ፤ የዓመታት ታሪክ ከወረቀት ላይ ተመልሶ ተገነባ። የጦር መሣሪያ ቅነሳ ባለሙያዎች ይህን እንደ አርአያ ያነሡታል፤ ትክክል ናቸው። መንግሥት ሲፈቅድና ዓለም ሲያስገድደው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቢሆን የተሰወረ ሂሳብ ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል።

ከፔሊንዳባ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ከክሩገርስዶርፕ ጀምሮ ጆሃንስበርግን ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጠው የወርቅ ቀበቶ ይገኛል። በዚህ በዊትዋተርስራንድ ምድር 270 ያህል የማዕድን ዝቃጭ ክምሮች ቆመዋል፤ የሚሸፍኑት መሬት 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በውስጣቸው ያለው ዩራኒየም አንዱ ግምት 430,000 ቶን ሲለው ሌላው 600,000 ቶን ይለዋል። በፔሊንዳባ አጥር ውስጥ የጥቂት ኪሎ ልዩነት የዓለም አቀፍ ምርመራ ርእስ ይሆን የነበረው ማዕድን፣ ከአጥሩ ውጭ በመቶ ሺህ ቶኖች ልዩነት ይገመታል፤ ማንም አይደነግጥም። «የበለጸገውና ያልበለጸገው እንዴት እኩል ይቆጠራል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ለቦምብ ፈጽሞ እኩል አይደሉም። ኩላሊት ግን ዩራኒየምን የሚያውቀው በመርዝነቱ ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት እምብዛም አያከብርም።

ስለ ኑክሌር መሣሪያ ፋብሪካና ስለ አካባቢው ሕዝብ ጤና ስናወራ ዓይናችን ወደ ታጠረው ግቢ ይሄዳል። በጆሃንስበርግ ዙሪያ ግን የፋብሪካው ቆሻሻው ግማሽ የቀረው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ታሪኩም ከፔሊንዳባ ይቀድማል። ራንድ ላይ ወርቅ የተገኘው በ1886 ሲሆን፣ ከወርቁ ጋር በአንድ ድንጋይ ውስጥ የሚኖረው ዩራኒየም ተፈላጊ የሆነው ከሂሮሺማ ወዲህ ነው። አሜሪካና ብሪታንያ ለጦር መሣሪያቸው ዩራኒየም የሚያፈላልግና የሚገዛ የጋራ ድርጅት ነበራቸው። በ1950 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተዋዋሉ፤ በ1952 በክሩገርስዶርፕ በዌስት ራንድ ኮንሶሊዴትድ ማዕድን የመጀመሪያው የዩራኒየም ማውጫ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። መርቀው የከፈቱት የአፓርታይድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዳንኤል ፍራንሷ ማላን ነበሩ። አሥርተ ዓመቱ ሳያልቅ ከሃያ በላይ የወርቅ ማዕድኖች ለዚሁ ገበያ ያቀርቡ ነበር። እንግዲህ የራንድ ዩራኒየም የሌሎችን ቦምብ መገበ፣ ቆይቶም የራሱን የደቡብ አፍሪካን።

ለእኔ ለምጣኔ ሀብት ሰዋ የሚገርመኝ የውሉ ዋጋ አወጣጥ ነው። ገዢዎቹ የከፈሉት የማምረቻ ወጪው ላይ ትርፍ ተጨምሮበት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ውል ወጪ ተብሎ የተመዘገበ ነገር ሁሉ ይከፈላል፤ ያልተመዘገበ አይከፈልም። የአሲዱ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የማሽኑ ዋጋ በደረሰኝ ገባ። ከማዕድኑ በታች በሚኖረው ሰው ሳንባ ላይ የሚወድቀው ወጪ ደረሰኝ አልነበረውም። የተማርንባቸው መጻሕፍት ይህን «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል፤ ስሙ ወጪው ከሆነ ቦታ ሳይታሰብ አፈንግጦ የወጣ ያስመስለዋል። እዚህ ግን ወደ ውጭ የተወሰነለት አድራሻ ነበረው። የአፓርታይድ ከተማ ነዳፊዎች የጥቁሮችንና የክልሶችን ሰፈሮች ከማዕድኑ ቀበቶ በስተ ደቡብ ሲያሰፍሩ፣ ክምሮቹ በነጮቹ ከተማና በሶዌቶ መካከል እንደ ግንብ እንዲያገለግሉ ተተዉ። ዛሬ በክምሮቹ ላይና አጠገባቸው የሚኖረው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ 1.6 ሚሊዮን ተብሎ ይጠቀሳል።

ዩራኒየሙ ከድንጋዩ ሲወጣ ከእርሱ የተወለዱት አብረውት አይወጡም። ከማዕድኑ ጨረር 85 በመቶ ያህሉ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያም ውስጥ ዋናው ራዲየም ነው። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። (ከዛሬ 1,600 ዓመት በፊት አክሱም በኃይሏ ላይ ነበረች፤ የመንግሥት ተቋማት ስንት ዘመን እንደሚኖሩ ለማሰብ ይህ መለኪያ ይጠቅመኛል።) ራዲየሙ ሲበሰብስ ራዶን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ራዶን የሳንባ ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ብዙዎቹ ክምሮች ደግሞ ከናካቴው ዩራኒየም ያልወጣባቸው ናቸው፤ ወርቁ ብቻ ተወስዶ ሌላው ሁሉ እንዳለ ተደፍቷል። ከዚህ ላይ ፓይራይት የሚባለው ማዕድን አለ፤ አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም ብረቱንና ዩራኒየሙን እያሟሟ ይሄዳል።

በ2002 የምዕራቡ ክፍል የተተዉ ማዕድኖች በውሃ ሞልተው ፈሰሱ። ውሃው በትዌሎፒስፕሩይት ጅረት ወርዶ የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራውን አቋርጦ «የሰው ዘር መገኛ» ወደተባለው የዓለም ቅርስ ምድር ይዘልቃል (ድንቅነሽ ይህን ማዕረግ ለብቻዋ እንደማትይዝ ያወቅሁት እዚህ አገር መጥቼ ነው)። ከዚያ በአዞ ወንዝ በኩል ወደ ሃርትቢስፖርት ግድብ ይገባል። ፔሊንዳባ የተሠራው ከዚሁ ግድብ አጠገብ ነው፤ ከክሩገርስዶርፕ የወጣው ዩራኒየም በመኪናም በወንዝም ወደዚያው ሄዷል ማለት ነው። ራንድፎንቴይን ውስጥ ባለው የሮቢንሰን ሐይቅ፣ የማዕድን ውሃ ከገባበት በኋላ በሊትር 16 ሚሊግራም ዩራኒየም ተለክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ 30 ማይክሮግራም ነው፤ ልዩነቱ ከ500 እጥፍ ይበልጣል። ሐይቁ በአንድ ወቅት ዓሣ የሚጠመድበትና ቤተሰብ የሚዝናናበት ነበር። ዛሬ የብሔራዊው የኑክሌር ተቆጣጣሪ ምልክት ቆሞበታል።

በሙያዬ የምሠራው የመንግሥት መሠረተ ልማት ፕሮጀክቶችን ወጪና ጥቅም መተንተን ነው፤ ከዩራኒየም ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አልነበረም። ወደዚህ ነገር የሳበኝ ካጊሶ ውስጥ ሱቅ ያለው የሆሳዕና ልጅ ነው። የእኛ ሰዎች «ሎኬሽን» በሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ የያዙ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያድሩት ከመደርደሪያው ኋላ ነው። ቀን እዚያው፣ ሌሊት እዚያው። አንድ ዘመዴ ለሌላ ጉዳይ ወደ ልጁ ወስዶኝ «ዶክተር ናት» ብሎ አስተዋወቀኝና የምጣኔ ሀብት የሚለውን ሳይጨምር ቀረ። ልጁ ወዲያው ወንበር አቀረበልኝ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህ ሳል ኦገስት ሲገባ ይነሣብኛል፣ ዝናቡ ሲጀምር ይተወኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነው እዚህ። ምን ይመስልዎታል?»

የእኔ ዶክትሬት ለሳል እንደማይሆን ነገርኩት። ሳቀና «ታዲያ የቱ ዶክተር ነው ለሳል የሚሆነው? ክሊኒኩም ቲቢ አይደለም ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘኝ» አለኝ። ኦገስት በጆሃንስበርግ ደረቅና ነፋሻ ወር ነው፤ ክረምቱ ሳሩን አድርቆ ይሄዳል፣ ነፋሱ ከክምሮቹ ላይ ቢጫ ዱቄት ያነሣል። ልጁ የሩዙንና የስኳሩን ከረጢት በቀን ሁለት ጊዜ በጨርቅ እንደሚወለውል አሳየኝ።

«ክሊኒኩ የት እንደምትኖር ጠየቀህ?»

«አድራሻ ጠይቀውኛል፤ ከወረቀቴ ጋር ለማመሳከር።»

ወረቀት ያለው የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃዱን ነው። አድራሻው የተጠየቀው ማንነቱን ለማጣራት ነበር፤ ምን እንደሚተነፍስ ለማወቅ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዚህ ሰው ጥያቄ የሚሆን መልስ በምን ዓይነት መረጃ እንደሚገኝ ማሰብ ጀመርኩ።

የሚታወቀው ጥቂት አይደለም። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቩሱሙዚ ንኮሲና ባልደረቦቹ በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን አነጻጽረዋል፤ ከክምሮቹ በ1 እና በ2 ኪሎ ሜትር መካከል የሚኖሩትን 5 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው ከሚኖሩት ጋር። አስምና ሌሎች ሥር የሰደዱ የመተንፈሻ በሽታዎች በቅርቦቹ ላይ በዝተው ተገኙ፤ ሲጋራንና የመሳሰሉትን በስሌት ካወጡ በኋላም። በ2007 ለኑክሌር ተቆጣጣሪው የተዘጋጀው የጀርመኑ የብሬንክ ኩባንያ ዘገባ የዎንደርፎንቴይንስፕሩይትን ወንዝ መርምሮ፣ ከብቶች የወንዙን ደለል ሲያነሡ ጨረሩ በወተትና በሥጋ በኩል ወደ ሰው ሊደርስ እንደሚችል አመለከተ። በ2016 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የሰብአዊ መብት ክሊኒክ ረዘም ያለ ዘገባ አውጥቶ መንግሥትን በዘገየ ምላሹ ወቅሷል። ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ግን ፍራንክ ቪንደና ባልደረቦቹ በ2019 ያሳተሙት ነው። ሰዎች ከዓመት እስከ ዓመት ምን ያህል ዩራኒየም ወደ ሰውነታቸው እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ ስላልነበረ፣ ተመራማሪዎቹ ወደ ፀጉር አስተካካዮች ሄዱ። መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ለቅመው ለኩ። በአንዳንድ ናሙናዎች ላይ ከፍ ያለ መጠን አገኙ።

የጎደለው በእነዚህ መካከል ያለው ድልድይ ነው። አንድ ሰው ምን ያህል እንደተነፈሰና እንደጠጣ፣ ለስንት ዓመት፣ ከዚያም ምን እንደታመመ የሚያያይዝ፣ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የሚከተል ጥናት ያስፈልጋል። የአገሪቱ የካንሰር መዝገብ ከ1986 ጀምሮ አለ፤ በዋናነት የሚመገበው ግን ከላቦራቶሪ ውጤት ነው። ዕጢውን ያውቀዋል፣ ቤቱን አያውቀውም። ሥራው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። በነዚህ ሰፈሮች የድንጋይ ከሰል ምድጃ አለ፣ ቲቢ አለ፣ ኤችአይቪ አለ፣ ሲጋራ አለ፤ አቧራው ራሱ ከዩራኒየም ሌላ ሲሊካና አርሴኒክ ይዟል። አንድን ሳል ለአንድ ክምር መስጠት አይቻል ይሆናል። ይህ ግን ጥናቱ በጥንቃቄ እንዲሠራ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። በኩባንያዎችና በመሥሪያ ቤቶች አንደበት ሲመጣ ግን ጥናቱ ላለመጀመሩ ማስረጃ ይሆናል፤ «ግንኙነቱ አልተረጋገጠም» ይባላል። አልተፈተነምና አልተረጋገጠም በአንድ ቃል ሲነገሩ፣ ያለማወቁ ዋጋ በጸጥታ ወደ ነዋሪው ይዛወራል። የምከራከረው ስለዚህ ዝውውር ነው።

ዝውውሩ እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ላሳይ። የመንግሥት ፕሮጀክቶችን ስንገመግም በዚህ አገር ብዙ ጊዜ 8 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ እንጠቀማለን። በዚህ ምጣኔ ከ30 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ1 ሚሊዮን ራንድ ጉዳት ዛሬ 100,000 ራንድ ያህል ይመዝናል፤ ከ60 ዓመት በኋላ የሚደርሰው ደግሞ 10,000 ራንድ አይሞላም። ካንሰር ለመታየት 20 እና 30 ዓመት የሚወስድ በሽታ ነው፤ ራዲየም ደግሞ 1,600 ዓመት የሚጠብቅ ነው። ዛሬ ክምሩን ለመሸፈን የሚወጣው ወጪ በሙሉ ዋጋው ይቆጠራል፣ የሚድነው ሕይወት ግን በቅናሽ ይቆጠራል። ላይ ላዩን ሒሳቡ ትክክል ነው። እኔም በየቀኑ የምሠራበት ነው፤ ለመንገድና ለድልድይ ይጠቅማል። ለዚህ ጉዳይ ሲውል ግን፣ ጉዳቱ በዘገየ ቁጥር ማንም እንዳይከፍል የሚመክር መሣሪያ ይሆናል።

ባለዕዳው ደግሞ ቋሚ አይደለም። ትልቁ ኩባንያ ወርቁ ሲያልቅበት ማዕድኑን ለመካከለኛው ይሸጣል፣ መካከለኛው ለትንሹ፣ ትንሹ ይከስራል። ክሩገርስዶርፕ አካባቢ ይሠራ የነበረው ሚንቴይልስ በ2018 ኪሣራ ውስጥ ሲገባ፣ መሬቱን መልሶ ለማልማት ያስቀመጠው ገንዘብ ከሚጠበቅበት ወጪ ጥቂቱን ብቻ የሚሸፍን ነበር። ዋናው ኦዲተር በ2009 ባወጡት ዘገባ በመላ አገሪቱ 5,906 የተተዉ ማዕድኖች ተመዝግበዋል፤ መልሶ ማልማቱ 30 ቢሊዮን ራንድ ያህል እንደሚጠይቅ ተገምቷል። ይህ ዕዳ የወደቀው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። በ2013 የጠቅላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሃርመኒ ኩባንያ ጉዳይ፣ መሬቱን ስለሸጥክ ውሃውን ከማጽዳት ግዴታ አትወጣም ብሎ መወሰኑ ሰንሰለቱን በመጠኑ ያጠብቀዋል። ጥሩ ፍርድ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ባለዕዳው ገና በሕይወት ሲኖር ነው።

አሁን የወርቅ ዋጋ ከፍ ስላለ አሮጌዎቹን ክምሮች እንደገና አጥቦ ወርቅ ማውጣት አትራፊ ሆኗል። የሚንቴይልስን ንብረት የገዛው ፓን አፍሪካን ሪሶርስስ በ2024 በዚያው ሥፍራ ማምረት ጀምሯል። ብዙዎች ገበያው ችግሩን እየፈታው ነው ይላሉ፤ በከፊል እውነት ነው፣ አንድ ክምር ከሰፈር አጠገብ ሲነሣ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የመነሣት ተራ የሚደርሰው ብዙ ወርቅ ላለበት ክምር ነው። ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ክምር ወርቅ ካነሰው ይጠብቃል። ቱዶር ሻፍት በተባለው የድሆች ሰፈር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሰዎቹን እዚያ ያሰፈራቸው ማዘጋጃ ቤቱ ነበር፤ ለጊዜው ተብሎ። ዝቃጩ ላይ ቤታቸውን ሠርተው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። የጨረር ልኬቱ ይፋ ከሆነ በኋላ ተቆጣጣሪው ነዋሪዎቹ እንዲነሡ መከረ፣ በ2011 የተወሰኑ ቤተሰቦች ተነሡ፣ በ2012 ሰዎቹ ገና እዚያው እያሉ ክምሩን በቁፋሮ ማንሣት ሲጀመር የማሪየት ሊፈሪንክ ድርጅት ፍርድ ቤት ሄዶ አስቆመ። ሰዎቹ ከአቧራው ጋር፣ አቧራው ከሰዎቹ ጋር፤ ማን አስቀድሞ እንደሚነሣ የወሰነ አልነበረም።

ሠራተኛውና ነዋሪው በሕግ ፊት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በሲሊኮሲስና በቲቢ የታመሙ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ከረጅም የቡድን ክስ በኋላ፣ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 ባጸደቀው የ5 ቢሊዮን ራንድ ስምምነት ካሣ አግኝተዋል፤ የሚያከፋፍለውም ጺያሚሶ የተባለው ባለአደራ ድርጅት ነው። ለዚህ ያበቃቸው ቆራጥነታቸው ብቻ አይደለም። መቼ ተቀጠረ፣ በየትኛው ጉድጓድ ሠራ፣ ስንት ዓመት ቆየ የሚል የቅጥር መዝገብ ነበራቸው፤ አሠሪው ለደመወዝ ሲል የያዘው መዝገብ በመጨረሻ መሰከረባቸው። ከጉድጓዱ አፍ 500 ሜትር ርቃ ልብስ ስታሰጣ የኖረች ሴት እንዲህ ያለ መዝገብ የላትም።

የሌላው ዓለም ልምድ ምን እንደሚያስተምር ለማየት የአሜሪካውን ሃንፎርድ ላንሣ። የናጋሳኪው ቦምብ ፕሉቶኒየም የተሠራው ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር በሚገኘው በዚህ ፋብሪካ ነው፤ ጭስ ማውጫዎቹም በአካባቢው አርሶ አደሮች ላይ አዮዲን 131 ሲለቁ ኖረዋል። በ1986 በነዋሪዎችና በጋዜጠኞች ግፊት 19,000 ገጽ ሰነድ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ወጪ የእያንዳንዱ ዓመት ልቀት፣ ነፋስ፣ የላሞቹ መኖና የልጆቹ የወተት ፍጆታ ሳይቀር ተሰልቶ የተጋላጭነት መጠን ተገነባ። 3,440 ሰዎች በታይሮይድ ምርመራ ታዩ። በ2002 የወጣው የመጨረሻ ውጤት ግን ብዙዎችን አስከፋ፤ በተገመተው መጠንና በበሽታው መካከል ግንኙነት አላሳየም። ውጤቱን የሚከራከሩት እስካሁን አሉ። ያም ሆኖ የሃንፎርድ ሰው የሚከራከረው ከተሰጠው መልስ ጋር ነው። የካጊሶው ልጅ የሚከራከርበት መልስ የለውም። እዚያው አሜሪካ በ1990 የወጣው የጨረር ተጎጂዎች ካሣ ሕግ ለአገር ውስጥ የዩራኒየም ቆፋሪዎች 100,000 ዶላር፣ ለፍንዳታ ሙከራው አቅራቢያ ነዋሪዎች 50,000 ዶላር መድቦ ነበር፤ በ2024 ጊዜው አልፎ በ2025 ሰፋ ብሎ ታድሷል። ለዚያው የጦር መሣሪያ ፕሮግራም ማዕድን ያቀረበው የራንድ ሕዝብ በሕጉ ውስጥ የለም። ገዢው አንድ ነው፣ ማዕድኑ አንድ ነው፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣው ግን ዩራኒየሙ ብቻ ነው፤ ግዴታው አልተሻገረም።

አፍሪካም ራሷ ይህን ዕዳ በስምምነቶቿ አልያዘችውም። አህጉሪቱን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ ያደረገው ስምምነት በ1995 በአዲስ አበባው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ጸድቆ፣ በ1996 ካይሮ ላይ ተፈርሞ፣ በ2009 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ስሙ የፔሊንዳባ ስምምነት ነው። ፔሊንዳባ በዙሉ ቋንቋ «ነገሩ አለቀ» እንደማለት ነው። ስምምነቱ ቦምብ መሥራትን ይከለክላል፣ የተሠራው እንዲፈርስ ያዛል፣ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አህጉሪቱ ውስጥ እንዳይጣል ይላል። ከስምምነቱ በፊት እዚሁ የተደፋውን ግን ማን ያነሣዋል የሚል አንቀጽ የለውም።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊሉ ይችላሉ። የጉጂውን ለገ ደምቢ ላስታውሳቸው። በ2018 ነዋሪው በጤናው ላይ ስለደረሰው ጉዳት ተቃውሞ አሰምቶ የወርቅ ማዕድኑ ፈቃድ ታገደ፤ በ2021 ሥራው እንዲቀጥል ተፈቀደ። እዚያ የሚያሰጋው ዩራኒየም ሳይሆን ሌሎች መርዞች ናቸው። የክርክሩ ቅርጽ ግን ያው ነው፤ እናቶች ስለ ልጆቻቸው ይናገራሉ፣ ባለሥልጣን ጥናት ይላል፣ የጥናቱ ሙሉ ውጤት ለነዋሪው እንዲገለጥ የመብት ድርጅቶች ይጠይቃሉ። ማዕድኑ ከመከፈቱ በፊት የአካባቢው ውሃና የሰው ደም ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር መነሻ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ አጭር በሆነ ነበር። ዛሬ አዲስ የማዕድን ፈቃድ ለሚሰጡ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የምመክረው ይህ ነው፤ ከፈቃዱ በፊት የጤና መነሻ መዝገብ፣ በኩባንያው ወጪ፣ ከኩባንያው ነጻ በሆነ አካል፣ ለነዋሪው በሚነበብ ቋንቋ። ከማንኛውም የማጽጃ ቴክኖሎጂ ይረክሳል።

በጆሃንስበርግ ስላሉት ወገኖቻችን ደግሞ የመንግሥትን ጥናት መጠበቅ የለብንም። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሎኬሽን ኖሮ ወደ ሆሳዕና ቢመለስና በሃምሳ ዓመቱ የሳንባ ካንሰር ቢገኝበት፣ የሚያክመው ሐኪም የት ኖረህ ነበር ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። በደቡብ አፍሪካ ቁጥር ውስጥ አይገባም፣ በኢትዮጵያ ቁጥር ውስጥ ምክንያት የሌለው ታማሚ ይሆናል። ይህን ክፍተት የሚሞላ ተቋም ግን አለን፤ እድር ነው። እድር ማን መቼ እንደሞተ ይመዘግባል፣ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ስለሚያሰባስብም ሰነዱን በጥንቃቄ ይይዛል። ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። ኤድስ በስሙ በማይጠራበት ዘመን፣ ከ2001 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች የቀብር መዝገብ እያስያዙ፣ ከቤተሰብም ጋር እየተነጋገሩ፣ ሆስፒታሎች ያልቆጠሩትን ሞት ቆጥረዋል። ፀጉር አስተካካይ ለቪንደ የሆነውን የመቃብር ቤት ለእነርሱ ሆኗቸዋል።

ባለፈው ወር ይህን ሐሳብ ለአንድ የእድር ጸሐፊ አቀረብኩለት። በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምዶች ብቻ እንዲጨመሩ ነው የጠየቅሁት፤ የኖረባቸው ሰፈሮች፣ በእያንዳንዱ የቆየበት ዓመት፣ የሚጠጣው ውሃ ከቧንቧ ወይስ ከጉድጓድ። ከሕያዋኑ አባላት እንጀምር፣ መዝገቡን ከእድሩ ውጭ ማንም አይይዘው፣ ለጥናት ሲሰጥ ስም ይውጣለት ተባባልን። ጸሐፊው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ወረቀት ያላስተካከሉ አባላት አድራሻቸውን ማስጻፍ እንደሚፈሩ ነገረኝ፤ ፍርሃታቸው በቂ ምክንያት አለው። ስለዚህ የቤት ቁጥር ይቅር፣ የሰፈር ስም ይበቃል አልን። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ በማስመሪያ መስመር ማስመር ጀመረ።

«እህቴ፣» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «አንዳንዱ አራትና አምስት ሎኬሽን ዞሯል። የቱን ልጻፍለት?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያስ ይህ ዓምድ ጠባብ ነው» ብሎ አዲስ ገጽ ገለጠ።